የኑርሀያት የእናትነት ብቃት ሲጣራ

ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለአሳዳጊ መስጠት የዋዛ ሥራ አይደለም። ይህን ከባድ አደራ በዐረብ አገር፣ በደማም ከተማ ኢትዮጵያውያን መካከል ለተሸከመው «የአደራ ልጆች ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ» ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ በማገልገሌ የሚሰማኝን ኩራት በቃላት መግለጽ ያቅተኛል። ስለዚህ የሆነውን ብቻ እናገራለሁ።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ሰዳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ፋሩቅ ሦስት። አባታቸው ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ሞተ። እናታቸው ደግሞ ዘንድሮ ታማ ሆስፒታል ገባች፤ በዚያው ቀረች። ወሎ ያለው አጎታቸው በስልክ «እኔ የራሴንም አልቻልኩ፤ አላህን የሚፈራ ሰው እዚያው ያሳድግልኝ» አለ። በማግስቱ ኑርሀያትና ባሏ አብዱሽኩር «እኛ እንወስዳቸዋለን» ብለው መጡ። አብዱሽኩር ኤሲ ጠጋኝ ነው። አል መዝሩዒያ ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት አላቸው። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ልጅ አላገኙም።

የአሳዳጊነት ወረቀቱን የሚያየው ቢሮ ሂደቱን ለመጀመር የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ማኅተም ያረፈበት የማኅበረሰቡ የድጋፍ ደብዳቤ። እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ልጆቹ ማቆያ ይገባሉ፤ ሴቷ ከሴቶቹ፣ ወንዱ ከወንዶቹ ጋር።

ሌላ ማኅበረሰብ ቢሆን ቁጭ ብሎ ደብዳቤውን ይጽፍ ነበር። እኛ ግን ኮሚቴ አቋቋምን።

ሊቀ መንበራችን አቶ ወልደየስ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። አል ሙሐመዲያ በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ቆመው የመጀመሪያውን ስብሰባ ሲከፍቱ፣ «ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዛሬ መቸኮል የለብንም» አሉ። አጨበጨብን። ማጣራቱ እስኪያልቅም ልጆቹ «በጊዜያዊ የተዘዋዋሪ እንክብካቤ መርሐ ግብር» እንዲታቀፉ ተወሰነ። በየሳምንቱ አንዳችን ቤት ያድራሉ ማለት ነው። ሰዳ አዲስ ቤት በገባች ቁጥር በሩ ላይ ቆማ «ጫማዬን የት ላስቀምጥ?» ትል ነበር። ሦስተኛው ቤት ስትደርስ መጠየቁን ተወች። ጫማዋን በፌስታል አድርጋ አቅፋው ተኛች። እኔም ይህን «ሕፃኗ ከመርሐ ግብሩ ጋር ተላምዳለች» ብዬ መዘገብኩ።

ስብሰባችን ዓርብ ዓርብ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓርብ ኑርሀያት ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። ልጆቻችን ሳሎኑን ስለሚያተረማምሱት ጥያቄው የሚሰማው በጭንቅ ነበር።

«ልጅ የማሳደግ ልምድ አለሽ?» አሉ አቶ ወልደየስ።

«አዎ። አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ።»

«የት ነው ያሉት?»

«አል ኹበር አል-ጀኑቢያ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ማሻአላህ።»

ኮሚቴው ተደናገጠ። «የራስሽ ናቸው?»

«የማዳም ናቸው። አሥራ አራት ዓመት እዚያ ቤት ሠርቻለሁ።»

«እ!» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ትንፋሻቸው መለስ ብሎ። «እሱ ሥራ ነው፤ ልምድ አይባልም።»

ኑርሀያት የሊቀ መንበሩን የአራት ዓመት ልጅ ትንሳኤን አጠገቧ አቁማ አፍንጫዋን እየጠረገችላት ነበር።

እሷ እንደወጣች ልጆቹ እንደገና ጮኹ። አቶ ወልደየስ ጠረጴዛውን መቱ። «ልጅ ባለበት ስለ ልጅ መወያየት አይቻልም!»

አባላችን ወይዘሮ እልፍነሽ መፍትሔ አመጡ። «ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ ኑርሀያት ጋ እንተዋቸው። ይወዷታል፤ በዚያ ላይ ቤቷ መንገዳችን ላይ ነው።»

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስለዚህ ኑርሀያት ልጅ ለመያዝ ትበቃ እንደሆነ ለመወሰን በተሰበሰብን ቁጥር፣ ልጆቻችንን የምትይዝልን ኑርሀያት ሆነች።

በሁለተኛው ዓርብ የማዳም ደብዳቤ ቀረበ። በዐረብኛ እንዲህ ይላል፤ «ልጆቼን እኔ ወለድኳቸው፣ ኑራ አሳደገቻቸው። ሲያማቸው እስከ ዛሬ የሚደውሉት ለእሷ ነው።» ኮሚቴው በጥሞና ካዳመጠ በኋላ ደብዳቤው ማኅተም የሌለው መሆኑን በማስተዋሉ ውድቅ አደረገው።

ሦስተኛው ዓርብ የቤት ፍተሻ ተደረገ። አቶ ወልደየስ «ድንገተኛ ካልሆነ ፍተሻ አይባልም» ብለው ስብሰባውን አቋረጡና አምስታችንም በሁለት መኪና ወደ አል መዝሩዒያ ገሰገስን።

በሩ ሲከፈት አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። ዘጠኙ የእኛ፣ ሁለቱ የሳምንቱ ተረኛ አብሮ ያደረሳቸው ሰዳና ፋሩቅ። ትልልቆቹ ትሪ ከበው ማካሮኒ ይበላሉ። የእልፍነሽ ትንሿ ሕፃን አብዱሽኩር ትከሻ ላይ ተኝታለች፤ እንዳትነቃ በእግር ጣቱ ነው የሚራመደው።

«አባዬ!» ብላ ትንሳኤ ሮጠች።

«ሥራ ላይ ነኝ» አሏት አቶ ወልደየስ፣ በእስክሪብቷቸው ገለል እያደረጓት። ከዚያ ወደ ኑርሀያት ዞሩ። «ይህ ሁሉ ሕፃን የማን ነው?»

ኑርሀያት የቀለዱ መስሏት ሳቀች። «የእናንተ ነዋ!»

አቶ ወልደየስ አልሳቁም። ሪፖርቱን መኪናው ውስጥ ሆነው እንዲህ አስጻፉኝ፤ «በሁለት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሕፃናት ተፋፍገው ተገኝተዋል። ወላጆቻቸው በቦታው አልነበሩም።»

«ኧረ ነበርን» አልኩ።

«እኛ የነበርነው እንደ ኮሚቴ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ የሥራ ድርሻ ለይቶ የሚያውቅ መሪ ብርቅ ነው።

ውሳኔው ማመልከቻው ለስድስት ወር እንዲዘገይ፣ «አመልካቿም በቤቷ ያለውን የሕፃናት ቁጥር በአስቸኳይ እንድትቀንስ» የሚል ነበር። ወረቀቱን በማግስቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ኑርሀያት ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ስድስት ወር?» አለ አብዱሽኩር። «ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ነው የቀረው! ይለያዩዋቸዋል እኮ። ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ?»

ኑርሀያት ወረቀቱን ደግማ አይታ ወደ እኔ ዞረች። «አቶ ዳግም፣ ቀንሺ ነው የሚለኝ?»

«አዎ፣ ይላል።»

«በአስቸኳይ?»

«በአስቸኳይ።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለች ተነስታ። «ትእዛዝ ይከበራል።»

አራተኛው ዓርብ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ልጆቻችንን እንደ ወትሮው አድርሰን ተሰበሰብን። አጀንዳው የኮሚቴው አባላት የደረት መታወቂያ ቀለም ነው። አቶ ወልደየስ ስለ ሰማያዊ ንግግር በማድረግ ላይ ሳሉ በሩ ተንኳኳ። ኑርሀያት ናት። ከኋላዋ ዘጠኙ ልጆቻችን ናቸው፤ ስምንቱ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ ትንሿ ሕፃን ደግሞ በአንዷ ልጅ ክንድ ላይ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም። በውሳኔያችሁ መሠረት ቁጥሩን ቀንሻለሁ። ቆጥራችሁ ተረከቡኝ።»

«ሰዳና ፋሩቅስ?» አሉ እልፍነሽ።

«ታች መኪና ውስጥ ከአብዱሽኩር ጋር ናቸው። ለሁለት ክፍል ሁለት ልጅ አይበዛም። እኔም ደብዳቤውን ታች ሆኜ እጠብቃለሁ።» በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወረደች።

በሦስተኛው ደቂቃ ፍሪጁ ተከፈተ። በአምስተኛው የእኔ ልጅ ስለ ሰማያዊ በተጻፈው ንግግር ላይ ጭማቂ አፈሰሰ። አቶ ወልደየስ «ሥርዓት!» ብለው ሲጮኹ ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች፤ እሷን ተከትላ ትንሳኤም አለቀሰች።

«ይቺን ልጅ ማን ያባብላታል?» አሉ አቶ ወልደየስ።

«የእርስዎ ናት እኮ!» አሉ እልፍነሽ፣ የራሳቸውን እየወዘወዙ።

«አውቃለሁ! እንዴት ነው የሚባበለው ነው የምለው!»

ማንም አያውቅም።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ የኑርሀያት ብቃት ያለ አንዳች ተቃውሞ ተረጋገጠ። ደብዳቤውን ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። ማኅተሙን ፈልገን ስናጣ ለካ ትንሳኤ ይዛው ልቅሶዋን ትታ ሶፋውንና የወንድሟን ግንባር ስታትም ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ስታይ እሱንም መታችው፤ ተዘቅዝቆ። አቶ ወልደየስ አይተው «ሕጋዊ ነው፤ ሩጥ» አሉኝ።

ታች ወርጄ ደብዳቤውን በመኪናው መስኮት ሰጠኋት። ኑርሀያት አንብባ የሻርቧን ጫፍ ፊቷ ላይ አደረገች። አብዱሽኩር መሪውን ጨብጦ ወደ ሌላ በኩል ዞረ። ከኋላ ወንበር ሰዳ «የሚቀጥለው ሳምንት የት ነን?» አለች።

«እኛ ጋ» አለች ኑርሀያት።

«ከሱ የሚቀጥለውስ?»

«እኛ ጋ።»

«ከሱ የሚቀጥለውስ?»

መኪናው ሲሄድ ገና እየጠየቀች ነበር። ይህን በቃለ ጉባኤ አልያዝኩትም።

ቢሮው ማኅተሙ መዘቅዘቁን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ደብዳቤውን ተቀበለ። ሂደቱ ተጀመረ። ገና ብዙ ወረቀት ይቀራል፤ ልጆቹ ግን አብረው አል መዝሩዒያ ናቸው። ኮሚቴውም ለተገኘው አመርቂ ውጤት ራሱን በራሱ አመስግኖ ለአቶ ወልደየስ የምስክር ወረቀት ሰጥቷል።

አሁን አንድ ችግር ብቻ ገጥሞናል። ኑርሀያት ዓርብ ዓርብ ሁለቱን ልጆች ይዛ ኹበር ባሕር ዳርቻ ትሄዳለች። ልጆቻችን የት እንደሚውሉ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሥራውን በትጋት እያካሄደ ነው። ጥናቱ እስኪጠናቀቅ እያንዳንዱ አባል የራሱን ልጅ በጊዜያዊነት ራሱ እንዲያሳድግ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። ሁለት አባላት ተቃውመዋል፤ ሊቀ መንበሩ ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል።