ወረራና ውርርድ

«ጊዜ ባከነ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ስለ ሌላ ሰው ጊዜ ነው። የራሳችን አይባክንም፤ ያልፋል እንጂ። እኔ ጎረቤት ገብቼ ስለ ሰው ሠርግ ሳወራ ግማሽ ቀን ቢሄድ «ስንጫወት ዋልን» እላለሁ። ባሌ ያንኑ ግማሽ ቀን ሰንጠረዥ ሲጫወት ቢውል ግን «ጊዜውን ገደለ» እላለሁ። ሁለታችንም ተጫወትን፤ ነፍሰ ገዳይ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

በማስተምርበት ተማሪ ቤት ወጣቶቹ መምህራን ሰሞኑን ቼዝ የሚሉትን ጨዋታ አምጥተው፣ «አእምሮ ይስላል» የሚለውና «ሥራ ያስፈታል» የሚለው ወገን ተከፍሎ ይከራከራል። እኔን ሲጠይቁኝ የማርመው ደብተር አለኝ እላለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ።

ባሌ ተሰማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፍ ይሰነብትና ቤት ሲገባ ዝም ይላል። ዝምታው የሚፈታው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ሶርሳ ሲመጣ ብቻ ነበር። አቶ ሶርሳ በሶዶ ከተማ ዳር የሚኖር ሸማኔ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችን ያስተምራል። ሰንጠረዡን የተማረው ከአንድ ጡረተኛ ወታደር ነው። የሚጫወቱበት ቀይ ጨርቅ በላዩ ጥቁር ጥብጣብ የተሰፋበት ሲሆን፣ የሰፋሁትም እኔው ነኝ፣ በሙሽርነቴ። ሰው ጣውንቱን በገዛ እጁ ሲሰፋ አይታወቀውም።

የእኛ ሰንጠረዥ እንደ መምህራኑ ቼዝ ከመነሻው ተራ በተራ አይሄድም። መጀመሪያ ወረራ ነው። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እጅ ለእጅ እየተጋፉ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አንድ ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ ይጠበቃል። አንዱ መጀመሪያ ከበላ፣ የሚቀጥለው ተራ የተበላው ነው። ይህችን ሕግ ያዙልኝ።

ሲጫወቱ ደግሞ አፋቸው ከእጃቸው ይፈጥናል።

«ኢሻ፣ ንጉሥህ መውጫ አጣች» ይላል ሶርሳ። ኢሻ በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው።

«ንጉሤን ደግሞ ሴት አደረግኸው?»

«እዚህ ቤት የሚገዛው ማን ነውና?» ይልና ወደ እኔ ያያል። እኔ አልስቅም። ያኔ ብስቅ ይሻል ነበር እላለሁ ዛሬ።

ሰኔ ላይ ጣሪያችን ማፍሰስ ጀመረ። ተሰማን «ቆርቆሮውን ምታልኝ» አልሁት። «ይቺን ብቻ ጨርሼ» አለኝ። ይቺ ሳታልቅ ዝናቡ መጣና የሠላሳ ልጆች ደብተር አበሰበሰልኝ። እንዲህ ተቃጥዬ ሳለሁ ነው፣ ሰኞ ገበያ ጎደሬ ስገዛ ወይዘሮ ማርታን ያገኘኋት። አቶ ሶርሳ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ባሏ ሽማግሌ ነው።

«አቶ ሶርሳን ቅዳሜ ለጸሎት እናጣዋለን። ወዴት ነው የሚውለው?» አለችኝ።

«የት ይውላል፤ እኛ ቤት ከባሌ ጋር ወረራ ይዞ ነዋ።»

«ውርርድ?» አለች፣ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ።

ልብ በሉ፤ በእነሱ ዘንድ ውርርድ ቁማር ነው፣ ቁማርም ከአገልግሎት ያስወጣል። ይህን አውቃለሁ። «የለም እቴ፣ ወረራ» ለማለት የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነበር። የደብተሮቹ ቀለም በዓይኔ መጣብኝ፤ ዝም ብዬ ጎደሬዬን መረጥሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። በእኔ ዝም ባለ አፍ ስንቱ ገባበት።

በሁለተኛው ሳምንት ሶርሳ ቀረ። «ነገሩ እስኪጣራ» ተብሎ ከእሑድ ትምህርቱ ታገደ። ቦታውን የሚሸፍን አልተገኘም፤ ያስተምራቸው የነበሩት እናቶች ቀ ላይ ደርሰው ቀ ላይ ቀሩ።

እኔስ ቅዳሜዬን አገኘሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ተሰማ ጣሪያውን መታ። በሁለተኛው አጥር አጠረ። በሦስተኛው የሚጠገን ነገር አለቀና ቀዩን ጨርቅ ዘረጋ፤ በቀኝ እጁ የራሱን፣ በግራ እጁ የሶርሳን ጠጠር እያንቀሳቀሰ ብቻውን ወረራ ያዘ። ማንም ማንንም ሳይበላ መሸ። እኔም ደብተር እያረምሁ መስዬ አየዋለሁ። ክረምቱ በዚህ ዓይነት ሄደ።

መስከረም ሲጠባ መቻል አቃተኝና ሶርሳ ቤት ሄድሁ። ሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ገና ከበሩ ላይ ቆሜ፣ «ውርርድ ሲሉ ሰምቼ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

መወርወሪያውን ሁለት ጊዜ ወረወረ። «ከእናንተ ቤት እንደ ወጣ ገምቼ ነበር» አለ። «ለዚያ ነው አቶ ተሰማን ምስክር ያልጠራሁት።»

«እንዴት? እሱ አንድ ቃል ቢናገርልዎ ነጻ ይወጡ ነበር እኮ።»

«ባልን ጠርቶ በሚስቱ ላይ ማስመስከር ደግ አይደለም።» ከዚያ እግሩን ከመርገጫው አነሣ። «ወይዘሮ አበበች፣ መጀመሪያ የበሉት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ተራው የኔ ነው።»

«ምን ሊያደርጉኝ?»

«ምንም። ሽማግሌዎቹ ጋ አብረን እንሄዳለን። እርስዎ ይናገራሉ፤ እኔ ዝም እላለሁ። ዝምታውን ትንሽ እኔም ልጠቀምበት።»

ሄድን። በእነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ፣ የወረራንና የውርርድን ልዩነት እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ አስረዳሁ፤ ልዩነቱን በዚያን ቀንም ዐውቀው እንደ ነበር ጨምሬ ተናገርሁ። ወይዘሮ ማርታ መሬት መሬት አየች። እሷ ምን አጠፋች? ጠይቃኝ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለመሆኑ በዚህ ጨዋታ ፈረሱ እንዴት ነው የሚሄደው?» ሲል ጠየቀ። ሶርሳ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ፊደሉ ተመለሰ።

የቀረኝ ተሰማ ነው። ቅዳሜ ጠጠሮቹን ሲደረድር አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርሁት። ከጨርቁ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐምሌ። የማርታ ባል መዝገብ ቤት መጥቶ ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«የመናገሩ ተራ ያንቺ ነበራ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሚስቱን ሳይሰድብ፣ ሳይገፋ፣ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ የጠበቀ ባል ትዕግሥቱን የተማረው ከሰንጠረዥ ነው፤ ለዚህ ለዚህ ጨዋታው ጊዜ አላባከነም እላለሁ። ግን ደግሞ እሱ ተራዬን ሲጠብቅ፣ ሶርሳ ለትዳራችን ሲጠነቀቅ፣ እኔ ድፍረት ስፈልግ፣ ሦስታችንም በጨዋ ደንብ ተከባብረን ስንቀመጥ፣ ክረምቱ አለፈ። ትምህርቱ ሲከፈት ከእናቶቹ ሁለቱ አልተመለሱም። «እርጅና ነው፣ ረስተነዋል፣ ይቅርብን» አሉ። የእነሱን ተራ የጠየቀ ማንም አልነበረም።

ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት አልገኝም። የፊደል ገበታዬን ይዤ ሁለቱ እናቶች ቤት እወርዳለሁ። እነሱ በአማርኛዬ ይስቃሉ፣ እኔ በወላይትኛዬ እስቃለሁ፣ ጎደሬ በዳጣ እንበላለን፣ በመካከሉ ትንሽ እናነባለን። ባለፈው ቅዳሜ ከቀ ተነሥተን በ ላይ ደረስን።

ተሰማ ለሶርሳ እንዲህ አለው አሉ፦ «ይቺ ሴት ቅዳሜዋን በከንቱ አባከነች።»