ዶሮ አልነካም ያለው ምድጃ

ድስት ሁሉ እኩል ነው የሚል ሰው ካለ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ድስቶችም እንደ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ማዕረግ አላቸው። በእኛ ቤት አለቃው ለሠርጋችን የተሰጠን ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት ነበር፤ ቡፌ ላይ የሚኖር፣ በዓል ሲመጣ ብቻ የሚወርድ፣ ከዶሮ በታች የማይነካ። የበታቹ ደግሞ ባለቤቴ ጥሩወርቅ፣ ከአዲስ አበባ ስንመለስ አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለሻይ በቆመበት፣ ከመንገድ ዳር የገዛችው ነጭ ቀለም የተቀባ ርካሽ የብረት ድስት ነው። ጎኑ ላይ አበባ አለበት፤ አበባ መሆኑን ያወቅነው ሻጯ ስለ ነገረችን ነው። እሱ የጾም ድስታችን ነው። ከሽሮና ከምስር በቀር ሌላ አያውቅም፤ ቅቤ በአጠገቡም አላለፈ።

እንዲህ ተከባብረን ስንኖር የጥሩወርቅ ወንድም ከአዲስ አበባ ኢንዳክሽን የሚሉትን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞልን መጣ። ፍልሰታ ሊገባ ነበር። የደብረ ማርቆስን ነሐሴ የማያውቅ አይፍረድብኝ፤ በእኛ አገር በነሐሴ ከሰሉ ራሱ ብርድ ይመታዋል። እሱን ስናራግብ ዓይናችን ጠፍቶ ለኖርን ሰዎች እሳት የሌለው፣ ጭስ የሌለው፣ ጥቁር መስታወት ብቻ የሆነ ምድጃ ምን እንደሚመስለን ገምቱ። የጾሙን ድስት ጣድንበት፤ ወንበር ስቤ እስክቀመጥ ድረስ ውሃው መንተክተክ ጀመረ። እውነቴን ነው፣ ወደድኩት። ከድስቱ ጎን ወረቀት አስቀምጬ አለመቃጠሉን ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ አድናቆት ነው። ይጁቤ ለሚኖሩት አማቴ ለመሪጌታ ይትባረክ ደወልኩና፣ ጾሙን እኛ ዘንድ መጥተው ይፍቱ፣ ዶሮው በአዲሱ ምድጃ ይሠራልዎታል አልኳቸው። ጥሩወርቅ ሰምታ መጥረጊያ አነሳች። ከተጋባን ወዲህ አባቷ ቤታችን ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ልጄ ከተማ ገብታ ሙያዋን ጣለች እንዳይሉ ትፈራለች። እኔ ግን ምን ገዶኝ፤ ምድጃውን ተማምኜ ከሰል እንኳ አልገዛሁም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ካፖርታቸው ዝናብ እያንጠባጠበ ደረሱ። ጥሩወርቅ አለቃውን ድስት ከቡፌ አወረደች፣ የከተፈችውን ሽንኩርት ጨመረች፣ ጣደች። ምድጃው ጲጵ አለና ጠፋ። ደግማ ነካችው፤ ጲጵ። እኔም የአባወራነት ግዴታዬን ለመወጣት ስለ መብራቱ ጉልበት መድከም ሰፋ ያለ ንግግር አደረግሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ መስታወቱን ወለወልኩ። ጲጵ። ጾሙን ሙሉ በታማኝነት ያገለገለ ምድጃ በመፍቻው ዋዜማ እንዴት ይከዳል?

መሪጌታ ከተቀመጡበት ሆነው፣ እስከ ዛሬ ምን ሲሠራበት ነበር ብለው ጠየቁ። ሽሮ አልናቸው። ታዲያ ምን ይገርማችኋል፣ ጾሙን ሊያደርስ ነዋ፤ ገና ቅዳሴ ሳይወጣ ዶሮ አምጥታችሁ ታሳስቱታላችሁ አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ሻይ እንኳ ላፍላላቸው ብላ በጾሙ ድስት ውሃ ጣደች። ምድጃው በራ። ሦስታችንም ተያየን። ያን አንስታ የሠርጉን መለሰች፤ ጲጵ። የጾሙን መለሰች፤ በራ።

ወንድሟ ጋ ብንደውል፣ ማግኔት የማይስበውን ዕቃ አይቀበልም፣ አልነገርኳችሁም እንዴ አለን። አልነገረንም። ባለማዕረጉ አሉሚኒየም ወድቆ የመንገድ ዳሩ ብረት አለፈ ማለት ነው። ግን በጾም ድስት ዶሮ? ያውም በመሪጌታ ፊት? ጥሩወርቅ እንባዋ ቀረበ። አባቷ አይተዋት፣ ልጄ፣ የጾምሽው አንቺ ነሽ ወይስ ድስቱ ነው አሏት። እኔ ነኝ አባባ አለች። እንግዲያስ አንቺ ስትፈቺ እሱም ይፍታ፣ ለሚመጣው ጾም ሌላ ትገዣለሽ አሉና ነገሩን ዘጉት።

ርካሽ ድስት ነውር የለበትም አልልም። ታቹ ስስ ነውና ሲግል ያንጎራጉራል፤ መሪጌታ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ዜማው ዕዝል ነው አሉ። መሀሉ ላይ ቶሎ ይይዛል፤ ጥሩወርቅ ሙቀቱን ዝቅ አድርጋ ከማማሰያው እጇን ሳታነሳ ሽንኩርቱን አበሰለችው። ግን ምን ዓይነት ወጥ ወጣው። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ ቀመሱና ደግመው ጠቀለሉ። ከዚያ፣ እናትሽም እንዲህ አድርጋ አልሠራችልኝም፣ ይህን ግን ይጁቤ እንዳታወሪ አሉ። ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ሳቀች፤ እኔም በእሷም፣ በድስቱም፣ በምድጃውም ኮራሁ።

ኋላ ከሉማሜ ሌላ አበባ መሰል ነገር ያለበት ድስት ገዛን። አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይፈቱም። የሠርጋችን ድስት ግን ዛሬም ቡፌው ላይ ነው። ገናም ይምጣ ፋሲካ፣ ጾሙን ያድራል።