የአያ ጀምበሩ ማሽንና እርጥቡ ጆንያ

«ብሉ ሬይ? እኔን ብሉ ሬይ አልሽኝ? ሰማያዊ ጨረር ማለት ነው አሉሽ? የኔስ ጨረር ምን መስሎሻል፣ ቀይ ወጥ? የኔም ሰማያዊ ነው! ካላስ፣ አለቀ!»

ይኸን በአፍንጫችሁ አንብቡት፤ መጨረሻው ላይ አስነጥሱ። አያ ጀምበሩን አገኛችኋቸው።

በየከተማው የተሸነፈ ነገር አቅፎ «ገና ነው፣ ታያላችሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ መለዋወጫው ከዓለም የጠፋ ትራክተር ይዞ ይኖራል፤ ሌላው የፈረሰ የኳስ ቡድን ይደግፋል። የኛ የመተማው፣ ክቡር ሊቀ ዲስክ አያ ጀምበሩ፣ ኤች ዲ ዲቪዲ ማጫወቻ አላቸው። ሁለቱ ባለጥራት ዲስኮች ተፎካክረው ብሉ ሬይ ካሸነፈ፣ የሳቸውን ዓይነት ሠሪውም ከተወው ስንት ዘመኑ! ዛሬማ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ እንኳ ፊልሙን በስልኩ ይዞ ነው የሚመጣ። ለአያ ጀምበሩ ግን ጦርነቱ አላለቀም።

ጠላታቸው ባህሩ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ባለ ብሉ ሬይ ቪዲዮ ቤት። ሁለቱም ደንበኛ የላቸው፣ በራቸው ላይ ቆመው ይናከሳሉ።

«ያንቱ ዲስክ ሦስት ኩንታል ሲይዝ የኔ አምስት ይይዛል!» ይላል ባህሩ።

«ጆንያው ቢሰፋ ምን ሊሆን፣ ገለባ ለሞላበት! ደግሞ ያንተ ሥዕል ላይ ላዩን ነው፣ እንደ ሊፒስቲክ። የኔ ጠለቅ ይላል!»

«ማሽንዎ እስኪነሳ ገለጉ ከተማ ደርሼ እመለሳለሁ!»

«ያንተስ የሌላ አገር ዲስክ ሲያይ እንደ ኬላ ፈታሽ አላሳልፍም ይል የለ! የኔ ድንበር አያውቅም!»

ይሳቁ፣ ይሰዳደቡ። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ሌላ ነው።

ያን ማሽን ከካርቱም የላከላቸው ወንድሜ ውቤ ነው፣ እዚያ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲሠራ። የሰርጌንም ቪዲዮ «የእህቴ ሰርግ በተራ ዲስክ አይቀመጥም» ብሎ በዚሁ ዕጣ ፈንታው ባልቀና ዲስክ አስገለበጠው። ሙሽራው ጥሎኝ ከሄደ ቆየ፣ ጅብ ይብላው። ዲስኩ ላይ ግን ውቤ አለ፤ ትከሻውን እየሰበቀ፣ ካሜራው ላይ አፍጥጦ «እማዬ!» እያለ። ካርቱም ጦርነት ከገባ ወዲህ ውቤ አልደወለም። የባህሩ ማሽን ዲስኩን ቢያጎርሱት ይተፋዋል። በዚህ ቆላ ወንድሜን የሚያሳየን የአያ ጀምበሩ ማሽን ብቻ ነው።

«ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልክ ልቅረጸው» ብዬ ስንቴ ለመንኋቸው!

«ጥራቱ ይሞታል! የውቤ ጥርስ አንድ ባንድ እየታየ ጉም ልታደርጊው ነው?»

ጥራት ይግደላቸውና! ማሽኑ ቢሞትስ?

ይኸው ዛሬ እሁድ፣ ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። እናቴን እንደልማዳችን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውቤን ልታይ አያ ጀምበሩ ቤት ይዣት ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? እኛ ቆላዎች የውሃ ጄሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን አይደል የምናቀዘቅዝ? ሊቀ ዲስክም ማሽኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለውታል! ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። የማሽኑ መብራት ጠፍቷል።

«አንቱ ሰውዬ፣ አብደዋል?» ብዬ ጮህኩ። «ወንድሜን አሰመጡት!»

«ግሎ ነበር! እናትሽ እስክትደርስ ላብርደው ብዬ…»

«ብሉ ሬይ ቢገዙ ኖሮ ይኸ አይመጣም ነበር!»

 እሳቸው ጆንያውን ገፈው ጥለው መፍቻ ፍለጋ ገቡ። 

እናቴ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች «ልጄ ዛሬ አይመጣም?» አለች።

አያ ጀምበሩ ማሽኑን ፈቱት። የውስጥ ዕቃውን ባንገት ልብሳቸው ላይ ዘርግተው በባርኔጣቸው ያራግቡ ጀመር። ጩኸቴን የሰማ ባህሩ የራሱን ማራገቢያ ተሸክሞ መጣ።  ሰካው፣ ወደ ዕቃው አዞረው፣ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ጠላት ከጠላቱ ጋር ላቡ እየተንጠባጠበ ሽቦ ሲነፋ አየሁ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ገጣጥመው ሰኩት። መብራቱ በራ። ማሽኑ እንደ ልማዱ እያጓራ፣ እየተንደፋደፈ፣ በመጨረሻ ሰርጌ መጣ። እናቴ ተነስታ አፍንጫዋን ከቴሌቪዥኑ መስታወት ጋር አጋጠመች፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ የስልክ ሥዕል አይታያትም። እዚህ ግን የውቤን ጥርስ ታያለች። ውቤ በር ላይ ብቅ ሲል እንደ ሁልጊዜው «ዛሬ ደግሞ ከሳ» አለች።

ጥራት የሚሉት ለማን እንደሆነ ይኸኔ ገባኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ ለሳቸውም አልነግራቸውም።

«በይ ቅረጪው» አሉኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ጉምም ቢሆን ይኑር።»

ስልኬን አወጣሁ። አሁን ያ ጥሎኝ የሄደው ሙሽራ እየታየ ነው፤ እሱን አልቀርጽም። እሱ እስኪያልፍ ይኸን እጽፋለሁ።

«ምንድን ነው የምትጫጭሪው?»

«ስለርስዎ ነው።»

«ብሉ ሬይ የሚል አለበት?»

«ሞልቷል።»

«ተይ መጻፉን! ስልኩን አቅኚ፣ ውቤ ሊጨፍር ነው!»