ልብስ ሰፊዋ ሚዛኑን የጋረዱበት ዘመቻ

ሚዛን በነገሠ በስምንተኛው ሳምንት፣ ይኸውም የክብደት መቀነሻው ክሊኒክ ሐኪም ስኳርን ከሻሩ፣ ጨውን ካስጠነቀቁ፣ ደረጃ መውጣትንም በሰው ሁሉ ላይ ካወጁ ሁለት ወር በሞላ ጊዜ፣ ኃያሊቱ፣ ግርማቸው በአንድ በር የማይገባው፣ ንግሥተ መርፌ ወእመቤተ ክር፣ ሰፋዪተ አልባስ የሆኑት ታናሽ እህቴ የጀመሩት ገድል ይህ ነው። አንቱ እያልሁ የምጽፈው ለታሪኩ ክብር ብዬ እንጂ ለእሳቸው አይደለም፤ ንፍጣቸውን እየጠረግሁ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤትን በደጁ እንጂ በውስጡ አላለፍሁም፤ የነገሥታት ታሪክ ሲነበብ ግን ጆሮዬ ክፍት ነበረና፣ ያየሁትን እንደ ወጉ አስቀምጣለሁ።

እህቴ የሚሰፉት በእግር በሚረገጥ መኪና ነው። መኪናው አልከዳቸውም፤ ቀኝ ጉልበታቸው ግን ከዳቸው። የአጥንት ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ፣ መቶ ስምንት ኪሎ የተሸከመ ጉልበት ዛሬ ቢጠገን ነገ ይሰበራልና፣ ከዘጠና አምስት በታች መሆናቸውን የሚመሰክር የክሊኒክ ወረቀት ይዘው ካልመጡ ቢላ አላነሣም ብሎ ሰደዳቸው። ያለ ጉልበት መኪና የለም፤ ያለ መኪና ደግሞ እህቴ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እኔን ሲመክሩ ይውላሉ። ስለዚህ ወደ ክብደት መቀነሻው ክሊኒክ ዘመቱ። እኔም ብቻቸውን አይሂዱ ብዬ አብሬ ተመዘገብሁ፤ ለራሴስ ምን ጎድሎኝ።

ያን ጊዜ የዘመተው ሠራዊት ሃያ አራት ነበር። እነርሱም፦ ጎማ የሚባለው የአውቶቡስ ሹፌር፣ መሪውን ከእጁ ቀድሞ ሆዱ የሚያዞርለት፤ ሥጋ ሻጩ፣ ቢላ በሳለ ቁጥር ምራቁን የሚውጥ፤ ጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ፣ የዓለሙን ሲደምሩ ልክ፣ የበሉትን ሲደምሩ ግን ሁልጊዜ የሚጎድልባቸው፤ የማይነጋገሩ አማትና ምራት፣ እያንዳንዳቸው ሌላይቱን በቅጥነት ሊያሳርሩ የመጡ፤ የሠርግ ቀሚሷን ሆን ብላ አጥብባ ያሰፋች ሙሽራ፤ ሌሎችም ዝናቸው ከወገባቸው የሚያንስ።

ወእምዝ ሠራዊቱ መክዳት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ሃያ ሆነ፣ በአምስተኛው አሥራ ሦስት፣ በስምንተኛው እኛን ጨምሮ ሰባት። የክሊኒኩ ሐኪምም ተቆጥተው በበሩ ላይ እንዲህ የሚል አዋጅ ለጠፉ፦

«በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዓርብ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት አሥር ታካሚ ካልተገኘ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ክፍሉም ለጥርስ ሕክምና ይሰጣል።»

ነርሷ፣ ልቧ ማር ድምፅዋ ጡሩምባ የሆነችው፣ ሰዉ የሚቀረው ረስቶ ነው ብላ በሳምንት ሦስት ጊዜ በስልክ መልእክት ላከች፣ ደወለች፣ ለመጣ ሁሉ የውሃ ኮዳ ሸለመች። ኮዳውን ወሰዱ፤ በዚያው ጠፉ። እኔም ስንፍና ነው ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር፤ ይህን ቃል ከእኔ አፍ ዳግም የሚሰማ የለም።

ነገሩስ ወዲህ ነው። ሚዛኑ የቆመው በኮሪደሩ መካከል፣ ሰው ተራ ከሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ነበር። መዝገብ ያዡ ደግሞ በኮሪደሩ ጫፍ ካለች መስኮት ኋላ ይቀመጣል፤ ጆሮውም ይከብደዋል። ስለዚህ ነርሷ የሰውን ክብደት አይታ እስከዚያ ድረስ ትጮኻለች፤ እርሱ ካልሰማ ትደግማለች፤ በሦስተኛው ጩኸት ከመዝገብ ያዡ በቀር ያልሰማ አይኖርም። ሹፌሩ መቶ ሃያ አንድ የተባለ ዕለት ዘበኛው፣ እኛ ጎማው ይተነፍሳል ስንል ጭራሽ ተነፋ እንዴ ብሎ ቀለደበት። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ በክሊኒኩ በር ያለውን ፌርማታ ረሳ፤ ወራጅ አለ እየተባለ ሲጮኽበት እንኳ ነድቶ ያልፍ ነበር።

በዚያም በስምንተኛው ሳምንት እህቴ ከአንድ የልደት ግብዣ ማግሥት መጡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ቁጥሩን ቁልቁል አይተው፣ ነርሷ አፏን ሳትከፍት ወርደው ሸሹ። ሮጡ ብዬ እንዳልጽፍ ጉልበታቸው ይታዘበኛል፤ በፍጥነት አነከሱ። እኔም ጫማቸውን አንጠልጥዬ፣ እየተሳደብሁ ተከተልኋቸው።

ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጡም። ክሊኒኩ ከተዘጋ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ጉልበት የለም ብዬ ብጮኽባቸው፣ ቁጥሬ በአደባባይ እንደ ሎተሪ ዕጣ ከሚጠራ አንክሼ ብሞት ይሻለኛል አሉኝ። ያን ጊዜ ለእኔም በራልኝ። የሸሸው ሁሉ የሸሸው ከረኃብ አልነበረም፤ ከጡሩምባዋ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ማክሰኞ እህቴ ተነሡ። የሶፋ ልብስ ይመስላል ብላ አንዲት ደንበኛ ጥላው የሄደችውን ባለ ትልልቅ አበባ ጨርቅ አወጡ፤ በአራት ክንድ ለኩት። ጉልበታቸው እንቢ ስላለ እሳቸው ጨርቁን በእጅ መሩ፣ እኔ በጎን ተቀምጬ መርገጫውን ረገጥሁ፤ ሁለት አሮጊቶች ተደምረን አንድ ልብስ ሰፊ ወጣን። ፍጥኚ፣ ቀስ በይ፣ አቁሚ እያሉ እንደ በቅሎ ነዱኝ። መጋረጃው ባለቀ ጊዜ ለከዱት ሁሉ በስልክ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«የሸሸህ፣ የተደበቅህ፣ ስልክህን የዘጋህ ሁሉ፣ ስማ። ዓርብ ጠዋት ና። ከእንግዲህ ቁጥርህን ከአንተና ከነርሷ በቀር የሚሰማው የለም። የቀረ ሰው ቤት ድረስ መጥቼ አወጣዋለሁ። ደረጃ አልወድም፤ አታስወጡኝ።»

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዓርብ መጡ። ሹፌሩ መጣ፣ ሥጋ ሻጩ መጣ፣ አስተማሪው መጡ፣ አማት በቀኝ ምራት በግራ መጡ፣ ሙሽራዋም መጣች፤ ሌሎች ሦስት ተጨመሩ፤ ከእኛ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። ነገር ግን መጋረጃው ሳይሰቀል ማንም ወደ ሚዛኑ አይጠጋም ነበር። ዘበኛው ያለ ደብዳቤ ጨርቅ አይገባም ብሎ በሩ ላይ ቢገተር፣ ከደንብ ልብሱ ሆድ ላይ የተበጠሱትን ቁልፎች እንደ ነርሷ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርሁለት። በአራተኛው ቁልፍ መንገድ ለቀቀ።

ኋላም መሰላል መጣ። በመሰላሉ ጎን ከሰማንያ ኪሎ በላይ አይሸከምም ተብሎ ተጽፏል።

ልውጣ ያለ ይሰበራል፤ አልወጣም ያለ ቁጥሩን ተናገረ ማለት ነው። ሁሉም የገዛ ጫማውን መረመረ። ሹፌሩ አውቶቡሱን ያለ አግባብ እንዳቆመ ትዝ አለው፤ ሙሽራዋ ስልክ የተደወለላት መሰለች፤ አማትና ምራት በተለያየ በኩል ወደ አንድ በር ማፈግፈግ ጀመሩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ሐኪሙ መዝገቡን ይዘው ከላይ ደረጃውን ሲወርዱ ኮቴያቸው ይሰማል።

ያን ጊዜ እህቴ በምርኩዛቸው ተደግፈው በአግዳሚው ወንበር ፊት ቆሙ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ። እኔ መቶ ሁለት ከግማሽ ነኝ። የሸሸሁት ከዚህ ቁጥር ነው። መሰላሉ አይችለኝም፤ ጉልበቴም አልቻለኝም። ከሰማንያ በታች የሆነ ይውጣ፤ ያልሆነ መሰላሉን ይያዝ።»

ከዚያ ሹፌሩ መቶ ሃያ ሦስት ብሎ መጥቶ መሰላሉን ያዘ። ሥጋ ሻጩ መቶ አሥር አለ። አስተማሪው ከነነጥቡ ተናገሩ። አማት ዘጠና አንድ ስትል ምራት በዚያው ቅጽበት ዘጠና አንድ ብላ ኖሮ፣ ሁለቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩና በሳቅ ፈነዱ። እኔም ጉሮሮዬን ስጠርግ ተራው አለፈኝ።

በዚህ ሁካታ መካከል መዝገብ ያዡ፣ አንዱንም ሳይሰማ፣ ምን ተፈጠረ ብሎ ከመስኮቱ ኋላ ወጣ። ሁሉም ዞሮ አየው። እንደ ክር የቀጠነ፣ ከነቁልፎቹ ሃምሳ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሰው። ለካስ ያ ሁሉ ጩኸት ለእርሱ ሲባል ነበርና፣ መጋረጃውን ሰቅሎ ዕዳውን ይክፈል ተብሎ ተፈረደ። ወጣ፤ አሥራ አንዳችን ያዝንለት። መሰላል ከተሠራ ጀምሮ እንዲያ ተይዞ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ኮርኒሱ ቢወርድ እንኳ መሰላሉ አይነቃነቅም ነበር። ነርሷም ከእንግዲህ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ለመዝገብ ያዡ እንድታቀብል ተደነገገ፤ ጥፋቷ በገባት ጊዜ አለቀሰች፤ እሱንም ጮክ ብላ።

ሐኪሙ ደረሱ። አበባውን አዩ። ይህን ማን ፈቀደ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ሰዉን ቢቆጥሩት አሥራ አንድ ሆነባቸው። አፋቸውን ገጥመው ሄዱና አዋጃቸውን ከበሩ ላይ ገነጠሉት። የጥርስ ሕክምናውም ሌላ ክፍል ፍለጋ ተሰደደ።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ እስከ መጨረሻው ጸኑ። ሥጋ ሻጩ እንደገና ከድቷል፤ ሙሽራዋም ከሠርጓ በኋላ አልታየችም፤ እውነቱን ትቼ ልካበው አልልም። እህቴ ግን በሃያ አራተኛው ሳምንት፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ዘጠና አራት ነጥብ ስድስት ሆኑ። ወረቀቱን ይዘው ሄዱ፤ ጉልበታቸው ተጠገነ። ዛሬ በሁለት እግራቸው መኪናውን ይረግጣሉ፤ እኔንም ቁጭ ብለሽ ታረጂያለሽ እያሉ ይመክራሉ፤ ማለት ያ የፈራሁት ከነጉልበቱ ደረሰብኝ።

እንግዲህ ሌሎች ኃያላን ከተማ አጥረዋል፣ ወንዝ ጠልፈዋል፤ ሰፋዪተ አልባስ ታናሽ እህቴ ግን በአራት ክንድ የሶፋ አበባ የሰውን ሐፍረት ጋረዱ፤ ከመጋረዳቸውም በፊት የራሳቸውን በገዛ አፋቸው ገለጡ። ክርዎ አይበጠስ፣ መርፌዎ አይዶልዱም፣ ጉልበትዎ ዳግም አይክዳዎ። ይህን የጻፍሽው አንቺስ በዚያ ቀን ስንት ኪሎ ነበርሽ የሚለኝ ቢኖር ደግሞ፣ መጋረጃው ለምን የተሰፋ ይመስለዋል።