በሣር የተጠየቀ ዝውውር

ደጋ ላይ ሣር ማሳመር የሰነፍ ሙያ ነው። ዝናቡ ያጠጣል፣ ጉሙ ያለሰልሳል፤ የሰው ድርሻ አልፎ አልፎ ማጨድና «እኔ ነኝ ያሳመርኩት» ማለት ብቻ ነው። ይህን የምለው በቅናት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ በቅናት ነው። እኔ ስለ ሣር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩ ሰው ነኝ። በአንድ ዝናባማ ከተማ የመሥሪያ ቤታችንን መስክ ምንጣፍ ካስመሰልኩ በኋላ ቦታዬ ለአለቃዬ ሚስት ወንድም ተሰጠ፤ እኔም «ለሥራው ጥቅም» ዝናብ ወደሚናፈቅበት ወደ ነገሌ ቦረና ተዛወርኩ። የሥራው ጥቅም ምን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከዓመታት በኋላ ያው አለቃ ሊጎበኘን እንደሚመጣ ደወለልኝ። ግቢው አረንጓዴ ሆኖ ከጠበቀው ወደ ደጋው እንደሚመልሰኝም ቃል ገባ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ተረት ይመስላችኋል? እኔ ነኝ።

የበልጉ ዝናብ ሲወርድ ቀዩን አፈር ቆፍሬ ሣር ተከልኩ፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠርኩ። ሰማዩም ለአንዴ አዘነልኝና ነገሌ ደጋ እስክትመስል ዘነበ። ዝናቡ ሲያቆም የከተማው ዳር ግጦሽ ሁሉ ደረቀ። የኔ ሣር ግን ከምጠጣው ውሃ እየተካፈለ ለመለመ።

በጉብኝቱ ዋዜማ ጎረቤቴ ኦቦ ጋልገሎ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በእጃቸው ከአጥሬ ሥር የለቀሙትን እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ እዚህ አገር ሣር የያዘ እጅ ሊመርቅ የመጣ እጅ ነው። «ናጋ፣ ሰላም ላንተ ይሁን ልጄ» ብለው ጀመሩ። በጀሪካን ሣር ሳጠጣ ሲያዩ፣ ይህን የደጋ ሰው የአገሩ ናፍቆት ራሱ ላይ ወጣበት ብለው ስቀውብኝ ነበር አሉ። አሁን ግን ገብቷቸው አፍረዋል። በቦረና ሣር የሚታጠረው ለአንድ ነገር ነው፤ ካሎ ይሉታል፤ ለክፉ ቀን፣ ለጥጆችና መነሳት ላቃታት ላም የሚቆይ ግጦሽ። «አንዲት ጥጃ የለህም፤ ለኛ ጥጆች ካሎ ጠበቅህ። የራሳችን ልጆች ይህን አላሰቡልንም» አሉኝ።

ለዓይን ብቻ የበቀለ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከኋላቸው አንዲት ጥጃ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ቆማ አጥሩን ታያለች። ለዓይን ብቻ የሚበቅል ሣር መኖሩን ለእሷ ለማስረዳት የኔ ዲግሪ አይበቃም። «አንቱ እንዳሉ ይሁን» አልኩና እሾሁን ራሴ አነሳሁ። ምርቃቱ በኦሮምኛ ረዘመ። ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ሣሩ ሲያልቅ እያየሁ በየመሐሉ «አሜን» እል ነበር።

በማግስቱ አለቃዬ የደረሰው ጥጆቹ ጠግበው ባዶ አፈር ላይ ተኝተው ነው። ኦቦ ጋልገሎ እጁን ይዘው ታሪኩን ሁሉ ነገሩት። አለቃዬ ዓይኑን ጠረገና ወደኔ ዞሮ፣ ሕዝብ እንዲህ የወደደውን ባለሙያ ከዚህ ማንሳት ግፍ ነው አለ። እኔን ማዛወር ግፍ ሊሆን እንደሚችል የታየው ገና ያን ቀን ነው።

መኪናው አቧራውን አልብሶን ሲሄድ ዝውውሬ መቅረቱን ለኦቦ ጋልገሎ ነገርኳቸው። ምንም አልደነቃቸውም። «ከኛ አይለይ ብለን ስንመርቅህ» አሉኝ፣ «አሜን ያልከው አንተ አይደለህ?»