አቶ ደባልቄ በቁምጣ የተሰለፉበት ቀን

ሰው ሁሉ ሕልሙን የሚያየው ማታ አልጋው ላይ ነው። ዘቢባ ሸምሱ ግን ማክሰኞ ዕለት በጠራራ ፀሐይ፣ የዋሪቶ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች የበረኛ ጓንቷን ታቅፋ ሕልም አየች። አይፈረድባትም። ደጅ መጥናት ከጀመረች አምስተኛ ቀኗ ነበር፣ ያን ቀንም የመጣችው ገና ጽዳቷ ሴትዮ ደረጃውን ስትጠርግ ነው።

የምትፈልገው አንዲት ወረቀት ነው፤ መልቀቂያ። ተጫዋች ከክለቡ ማኅተም ያረፈበት መልቀቂያ ካልያዘ ሌላ ክለብ አይመዘግበውም። ዘቢባን ዋሪቶ ያስፈረማት በዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ያኔ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከጎኗ ቆመው፣ ትልቅ ጨርቅ ላይ «ትንሿ በረኛ» ተብሎ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነሡ። ውሉ የአምስት ዓመት ነው። እናቷ አላነበቡትም፤ ጣት ያመለከታቸው ቦታ ላይ ፈረሙ። አንድ ዓመት በደንብ ተጫወተች። ከዚያ ሊጉ ይስፋ ተባለና ከዐሥራ ሁለት ቡድን ወደ ሠላሳ ስድስት ሰፋ። ክለቡንም እንደ ወባ አንቀጠቀጠው፤ በየሳምንቱ የዐሥራ አራት ዓመት፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እያስፈረመ ፎቶ መለጠፍ ሆነ ሥራው። ዘቢባ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ አሮጊት ተባለች። መጀመሪያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ ቀጥሎ ውኃ አመላላሽ አደረጓት።

አሁን ገልቻ ከተማ የሚባል አዲስ ክለብ «አንደኛ በረኛ አድርገን እንመዝግብሽ» ብሏታል። የገልቻ ምዝገባ የሚዘጋው ያን ማክሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የዋሪቶ ክለብ ጸሐፊ አቶ ደባልቄ ግን አምስቱንም ቀን የመለሱላት መልስ አንድ ነው፤ «ነገ ነይ።» ከዚህ በኋላ ነገ የሚባል ነገር የለም። ልጅቷ በንዴት ጥርሷን እያፋጨች ግድግዳው ላይ ደገፍ አለች፣ እንቅልፍም ይዟት ሄደ።

በሕልሟ የቢሮው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። «ግቢ» የሚላት ሰው ፈለገች፤ የለም። ለካስ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ራሷ ናት። ማኅተሙ ፊት ለፊቷ ተጎልቷል። በመስኮት ብታይ ሰልፉ አስፋልት ድረስ ወርዷል፤ የተሰለፉት ደግሞ የክለብ ፕሬዚዳንቶች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ናቸው። ሁሉም ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች ቁምጣ ለብሰዋል። ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት ስበው በፀሐይ ይጠበሳሉ።

የመጀመሪያው ተራ የአቶ ደባልቄ ነበር። ቁምጣቸው ከቦርጫቸው ሥር እየወረደባቸው በአንድ እጃቸው ይዘውታል።

«እትዬ ዘቢባ፣ እንደምን አደሩ? ለመልቀቂያ ነበር።»

«ነገ ና።»

«ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ትናንት ያልኩህ ነገ ገና አልደረሰም። ደግሞ ያንተ ፋይል ጠፍቷል።»

«ፋይሌ ይኸው በእጄ ነው!»

«በእጅህ ያለማ ይጠፋል እንጂ የት ይሄዳል።»

በሩ ላይ የቆመው ዳኛ ፊሽካውን ነፋና ለአቶ ደባልቄ ቢጫ ካርድ አሳያቸው፤ ጥፋታቸው ጥያቄ መጠየቅ ነው። ዘቢባ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይህን ምን ያስደብቃል? አምስት ቀን ሙሉ የተንቃቃችበት ወንበር ነው፤ እስቲ እሳቸውም ይንቃቁ።

ወዲያው ቢሮው ጣሪያውን አወለቀና የከብት ገበያ ሆነ። ስምንት ዓመት የማይሞላቸው ሕፃናት ከረባት አስረው፣ ቦርሳ አንጠልጥለው፣ አዲስ ተጫዋች እያስፈረሙ ነው። የሚያስፈርሟቸውም እነዚያኑ ባለ ቁምጣዎች ነው። አንዲት ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወላለቁ ልጅ የዋሪቶን ፕሬዚዳንት አገጭ ይዛ እንደ ሰንጋ ወደ ላይ ቀና አደረገቻቸው።

«ጥርስ!»

ፕሬዚዳንቱ አፋቸውን ከፈቱ።

«ዕድሜ?»

«ዐሥራ አምስት» አሉ፣ ሽበታቸውን በመዳፋቸው እየሸፈኑ።

«ወላጅ ይጠራ።»

ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የፕሬዚዳንቱ እናት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ በሸክም መጡ። «ልጄ ነው» አሉ። «አምና ዐሥራ ሰባት ነበር፤ ዘንድሮ አላህ ይመስገን ዐሥራ አምስት ገባ። በመጪው ዓመት ጡት ይጠባል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

ልጅቷ ሳትስቅ መዘገበች። አሮጊቷን የት እንደሚፈርሙ በጣቷ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አኖሩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዘቢባም መሳቅ ጀምራ ነበር፣ ግን ተወችው። እሷ የፈረመች ዕለትም እንዲሁ ነበር የተጨበጨበው። አቶ ደባልቄ እናቷን ጠጋ ብለው፣ «ዐሥራ አምስት ከምንላት ዐሥራ ሦስት ብንላት ፎቶው ያምራል» ያሏቸውን አልረሳችም። የሰው ልጅ ዕድሜ እንደ ቀሚስ ጫፍ የሚያጥርላቸው ሰዎች!

በዚህ መሐል ድምፅ ማጉያው አንቧረቀ። «ሊጉ ሰፍቷል! ተጠጉ! ተጠጉ! ሊጉ ሰፍቷል!»

ባልዲ ሙሉ ኖራ የያዙ ሰዎች የሜዳውን መስመር እየሳቡ መውጣት ጀመሩ። መስመሩ አጥሩን ዘሎ አስፋልቱን ተሻገረ። ጤና ጣቢያውን ለሁለት ከፈለ፣ መናኸሪያውን ከነአውቶቡሱ ዋጠ። የነካው ሁሉ ቡድን ሆነ። ወፍጮ ቤቱ ቡድን ሆነ። ፀጉር ቤቱ ቡድን ሆነ፤ ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ክንፍ ላይ ተሰለፈ። ዕድሩ ሁለት ቡድን አወጣ፤ ቀባሪና ተቀባሪ። ተቀባሪዎቹ ከኋላ ጠንካራ ናቸው፣ አይነቃነቁም ተባለ።

መስመሩ እናቷ ቤት ገባ። እናቷ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው እጅጌ ሲያያይዙ ዳኛው ከጣራው ዘሎ ወረደ።

«እጅ! በእጅ ነክተሻል!»

«ኧረ በምን ልስፋ ታዲያ?» አሉ እናቷ።

«በጭንቅላት።»

«በጭንቅላትማ ብሰፋ የልጄን ውል አነብ ነበር!» ብለው እናቷ አለቀሱ። ዘቢባ ልትደርስላቸው ሮጠች፤ ግን ቅጣት ምት ሊመታ ነውና ዘጠኝ እርምጃ ራቂ ተባለች። ከገዛ እናቷ ዘጠኝ እርምጃ! ደሟ ፈላ።

ከተማው በሙሉ ተጫዋች ስለሆነ ተመልካች ጠፋ። ስለዚህ አህዮች ከየጭነታቸው ተፈትተው ክብር ትሪቡን ላይ ተቀመጡ፤ ጥላ ተያዘላቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጀርባው የተላጠ፣ ታሽጎ የቀረበለትን ውኃ ተጎነጨና «ኳስ ድሮ ቀረ» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘቢባ ግቡ ላይ ቆማ ራሷን አገኘችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ግብ ላይ መቆሟ ነው። ነገር ግን ባለ ኖራዎቹ መጥተው አንዱን ቋሚ ነቀሉና ይዘውት ሄዱ።

«ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብላ ጮኸች።

«ሊጉ ሲሰፋ ግቡ አይሰፋም እንዴ?»

ቋሚውን ወንዙ ዳር ተከሉት። ሌላውን መናኸሪያው ጋ ወሰዱት። አሁን የምትጠብቀው ግብ የከተማው ስፋት ያህል ነው። ከፊቷ የተሰለፉት ተከላካዮች ክለቡ በየሳምንቱ ያስፈረማቸው ልጆች ናቸው። አንዲት ኳስ ከወደ ገበያው ተጠልዛ መጣች። ልጆቹ ኳሷን ባዩ ጊዜ ተሯሩጠው ተደረደሩ፣ የክለቡን ስካርፍ ከፍ አድርገው ያዙ፣ ፈገግ አሉ። ለፎቶ መቆም እንጂ ሌላ ያስተማራቸው የለማ! ኳሷ በመካከላቸው አልፋ ሄደች። አንዷ ትንሽ ልጅ ፈገግታዋን ሳትፈታ «እቴ፣ መቼ ነው የምንጫወተው?» ብላ ጠየቀቻት።

ዘቢባ ወደ ትሪቡኑ ዞረችና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «ልጆቹን አጫውቷቸው እንጂ! ፎቶ ኳስ ይመልሳል? ካላጫወታችኋቸው ለምን ታስሯቸዋላችሁ? ወላሂ ሌባ ሁላ!»

አህዮቹ ይህን ንግግር በጣም ወደዱት። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይሁን አሉ።

ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት ተባለ። ኳሷን ያስቀመጡት አቶ ደባልቄ ናቸው። ዘቢባ እጇን ብትዘረጋ ጓንቷ ውስጥ ማኅተሙ አለ። ማኅተም ይዞ ኳስ መያዝ አይቻልም፣ ልትጥለውም ብትል ከጓንቱ አልላቀቅ አለ። አቶ ደባልቄ ግን ኳሷን አልመቱም። ተንበርክከው ማልቀስ ጀመሩ። ቁምጣቸውን መያዝ እንኳ ትተውታል።

«እትዬ ዘቢባ፣ ምዝገባው ሊዘጋብኝ ነው። ሌላ ክለብ ጠርቶኛል። እዚህ ወንበር ላይ በስብሼ መቅረቴ ነው። ልጆች አሉኝ። እባክዎ አንድ ማኅተም ብቻ፣ ምን ይጎዳዎታል?»

ልጅቷ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። «ፋይልህ ጠፍቷል» ማለት ትችል ነበር፤ ግንባራቸው ላይም ማኅተሙን ልታሳርፍ ትችል ነበር፣ ማንም ባልፈረደባት ነበር። እሷ ግን የወንበሩን ጣዕም ታውቀዋለች። የሚለምን ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ከራሷ ፊት ታውቃለች። እየተናደደች፣ በራሷም እየተናደደች፣ ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቃ ማኅተሙን መታችበት።

«ሂድ! ሁላችሁም ሂዱ! ማንንም አላሥርም!»

አቶ ደባልቄ ብድግ አሉና በዚያ ከወንዝ እስከ መናኸሪያ በተከፈተ ግብ ውስጥ እንደ ጥጃ እየዘለሉ አለፉ። ባለ ቁምጣዎቹ ሁሉ ተከተሏቸው።

«ጎ-ኦ-ኦ-ል!» አሉ አህዮቹ።

«ዘቢባ! አንቺ ዘቢባ! ተነሺ እንጂ ልጄ።»

ትከሻዋን የሚወዘውዟት የክለቡ ጥበቃ ጋሽ ኑርጋ ነበሩ። ፀሐይዋ ከደጃፉ ወደ ኋላ ግቢ ዞራለች። የቢሮው በር ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ አልፏል።»

«አቶ ደባልቄስ?»

«እሳቸውማ በስድስት ሰዓት ወጡ። እግርሽን ተራምደው ነው የሄዱት። ልቀሰቅስሽ ብል፣ ተዋት ደክሟታል አሉኝ።» ጋሽ ኑርጋ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «ለቀዋል አሉ። ማኅተሙ ካዝና ውስጥ ነው፤ አዲስ ጸሐፊ እስኪመደብ ማንም አይነካውም። ያለፈው ጸሐፊ ሲለቁ አራት ወር ፈጅቷል።»

ዘቢባ ስልኳን አወጣች። አቶ ደባልቄ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡት፤ ድምፃቸው ውስጥ የአዲስ ወንበር ደስታ አለ።

«ዘቢባ ነሽ? ምነው ነቃሽ?»

«አቶ ደባልቄ፣ መልቀቂያዬ!»

«ውይ፣ እኔማ ከዋሪቶ ወጣሁ እኮ። መልቀቂያዬን ራሴ ጻፍኩት፣ ራሴ ፈረምኩበት፣ ራሴ ማኅተም መታሁበት። ሌላማ ሰው ብጠብቅ ነገ ዛሬ ሲሉኝ ምዝገባ ያልፍብኝ ነበር።»

«የት ገቡ?»

«ገልቻ ከተማ! የክለቡ ጸሐፊ ነኝ። ዝርዝሩ ፊቴ ነው ያለው፤ ስምሽ አንደኛ በረኛ ላይ ተጽፏል። እንኳን ደስ ያለሽ።»

ዘቢባ ከወንበሩ ተነሣች። ለአንድ አፍታ ልቧ እንደ ሞኝ ተስፋ አደረገ።

«እንግዲያው ይመዝግቡኛ!»

«በደስታ ነዋ! መልቀቂያሽን ይዘሽ ነይ።»

«ሰጪው እርስዎ ነበሩ እኮ!»

«ነበርኩ። አሁን ተቀባይ ነኝ። አንድ ሰው ሰጪም ተቀባይም ከሆነማ ሙስና ነው የሚባለው፤ እኔ ደግሞ በመጀመሪያ ቀኔ ሕግ አልጥስም። በይ ቶሎ በይ ልጄ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዘጋለን።»