ጋሽ ቫልቭ እና የእናቴ ሬዲዮ

በየሰፈሩ አሮጌ ዕቃ እንዲሞት የማይፈቅድ አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። አንዱ ሰዓት ይሰበስባል፣ ሌላው የልብስ ስፌት መኪና። የእኛ ሰፈር ሰው የሚሰበስቡት ሬዲዮ ነው፤ ያውም ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት የተሠራውን፣ በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ ቫልቭ የሚባሉ የመስታወት አምፖሎች የሚግሉበትን። ስማቸው ተረስቶ ሁላችንም ጋሽ ቫልቭ የምንላቸው ለዚህ ነው።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት እየገቡ ቆጣሪ ሲያነቡ ዓይናቸው ግን ቁም ሳጥን ላይ ነበር። የማን ሬዲዮ ጀርባው እንደተሰነጠቀ፣ የማን ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦ ውሃ እንደሚንጠባጠብበት በቃላቸው ያውቃሉ። ጡረታ በወጡ ማግስት መሰብሰብ ጀመሩ፤ እኔ እስከቆጠርኩት ድረስ አርባ አንድ ደርሰዋል። ባለቤታቸው፣ "ሲያገባኝ አንድ ወንበር ነበረን፤ አሁን እሱም ላይ ሬዲዮ ተቀምጧል" ይላሉ።

እሳቸው ፊት ስለ ሬዲዮ "ይሠራል?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። "ደህና ነው ወይ ነው የሚባለው" ብለው ያርማሉ፣ ልክ ስለታመመ ዘመድ እንደሚያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አብረን ተቀምጠን ሳለ ዞር ስል የሉም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተንበርክከው አገኘናቸው። ባሏ ወደሞተባት ሴትዮ ቀና ብለው፣ "በሐዘንሽ ላይ ስለምጠይቅሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የሬዲዮውን የኋላ ክዳን ግን የት አደረጋችሁት?" አሏት። ሴትዮዋ በሦስት ቀን ውስጥ ያን ጊዜ ገና ሳቀች።

የሚገርመው፣ ሬዲዮ አይሰሙም። ወር ሙሉ ታግለው ድምፅ ካወጡ በኋላ ሁለት ደቂቃ ጆሮ ይሰጡትና ያጠፉታል። "ተናገረ አይደል? የሚለውን እናንተ ስሙት።"

እስካሁን የጻፍኩት ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀ የሚያወራውን ነው። የሚከተለውን ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም።

አባቴ በሞተ በዓመቱ የቤታችን ሬዲዮ ዝም አለ። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ስለነበር ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የቀራት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጋሽ ቫልቭን አስጠራችና አደራ አለቻቸው። እሳቸውም በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው ወሰዱት።

ሁለት ዓመት ቆየ። የተቃጠለው አንድ ቫልቭ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተገኘም። ወደማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይጠብቃሉ። እናቴ በየሳምንቱ "ምን አሉህ?" ትለኛለች።

"እሱን የሚመስል አይጠፋም እኮ፣ ለምን ሌላ አይገጥሙበትም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አባትህን የሚመስል ሰውስ ጠፍቶ ነው?" አሉኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩና ባለቤታቸው ፊት፣ "የያዙብን ሬዲዮ ሳይሆን ሬሳ ነው፤ እርስዎ እንደሆነ አይጠግኑት፣ ለሰው አይሰጡት። ይመልሱልን" አልኩ። ጋሽ ቫልቭ አልተከራከሩኝም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሬዲዮውን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቀለሉና ሰጡኝ። "በግራ በኩል ያዘው፤ በቀኝ እግሩ ላልቷል" ብቻ ነው ያሉኝ።

ገበያ አጠገብ ሱቅ ላለው ጠጋኝ ወሰድኩት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሰው። "የውስጡን ቆሻሻ አውጥቼ ጣልኩት" አለኝ ደስ ብሎት። መዳፍ የምታክል አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ገጥሞበታል። አባቴ ካመጣው ሬዲዮ ሳጥኑ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እኔ ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ ስሰማ፣ ጋሽ ቫልቭን ያሸነፍኳቸው መስሎኝ እየፎከርኩ ወደ ቤት ገባሁ።

እናቴ እንደ ልማዷ መዳፏን ሳጥኑ አናት ላይ አድርጋ ጠበቀች። ድምፁ ወዲያው ወጣ።

"ቸኮለ" አለች። መዳፏን ሳታነሳ፣ "ለምንድን ነው የማይሞቀው? አባትህ ከከፈተው በኋላ እስኪሞቅ እንጠብቀው ነበር። ያን ጊዜ ነበር የምናወራው።"

ሬዲዮውን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ክፈትልኝ ብላኝ አታውቅም።

ከአራት ወር በኋላ ጋሽ ቫልቭ በራችንን አንኳኩ። በጥጥ የታሸገ ትንሽ ካርቶን ይዘዋል። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል። "ተገኘ" አሉኝ። ከበሩ ላይ ልመልሳቸው አፌን ስከፍት እናቴ ድምፃቸውን ሰምታ "ይግቡ እንጂ" አለች።

ገቡ። ሬዲዮውን አዙረው ካቻቢቴያቸውን አወጡና የኋላ ክዳኑን ፈቱ። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ውስጡን ሲያዩ ትከሻቸው ወረደ።

"ልጄ አሠርቶት ነበር፤ አልሞቅ አለ። ምን አጠፉበት?" አለች እናቴ።

ጋሽ ቫልቭ ስለ ሬዲዮ ዋሽተው አያውቁም። ሰው ቤት ገብተው ቁም ሳጥን ላይ ያለውን እያዩ "ይሄ ከልብ አልተጠገነም" ብለው ባለቤቱን ያስቀየሙበት ቀን ብዙ ነው። ክዳኑን መለሱ። አራቱን ብሎን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው አጠበቁ።

"ምንም አላጠፉበትም" አሉ። "እርጅና ነው። እኛስ እንደ ድሮው እንሞቃለን? ልጅዎ ጥሩ ሰው ጋ ነው የወሰደው።"

እናቴ ሳቀች። ካርቶኑ ወደ ኪሳቸው ገባ። በር ድረስ ስሸኛቸው ወደ እኔ ዞር አሉ። "ሳጥኑን አልጫሩትም፣ እሱ ጥሩ ነው።"

ከዚያ በዓመቱ እናቴ አረፈች። ለቅሶ ሊደርሱን ሲመጡ የጋሽ ቫልቭ ባለቤት አምልጧቸው ነገሩኝ። ያ ቫልቭ በፖስታ አልመጣም። ጋሽ ቫልቭ አንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ ተሳፍረው ሌላ ከተማ ካለ ሰብሳቢ ዘንድ ሄደው ነው ያመጡት። ሰውየው በነፃ አልሰጥም ስላለ፣ ከሁሉም አስበልጠው የሚወዱትን፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ መብራት ያለውን ሬዲዮ ለውጠውበታል። እኔ ሬሳ ያልኩትን ለማንሳት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ የተፈታ ሬዲዮ ተዘርግቷል። ገና "ጋሽዬ፣ ያን ጊዜ ያልኩዎት..." ስል፣ ቀና ሳይሉ አንድ ትንሽ ብሩሽ አቀበሉኝ።

"አቧራው የሚደበቀው ጥግ ጥጉ ላይ ነው" አሉ። "ከዚያ ጀምር፤ ቀስ ብለህ።"

ባለቤታቸው አንዱን ሬዲዮ ከወንበር ላይ አነሱልኝ። ተቀመጥኩና መጥረግ ጀመርኩ።